ጋድም የሠሩት ንቦች

ባለፈው ሳምንት አምቦ መናኸሪያ አጠገብ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰብኝና አንድ ጫማ ሰፊ ጃንጥላ ሥር ቆምኩ። ሰውየው ክሩን ከጥቅሉ መዘዘ፤ ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ የጠቆረ የሰም ድቡልቡል አወጣና ክሩን ሁለት ሦስት ጊዜ በላዩ ላይ ጎተተው። ፀሐይ ያለሰለሰው ሰም ሸተተኝ። ሳላስበው የጃንጥላውን እንጨት ያዝኩ።

"ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አለኝ።

"አይ፣ ሽታው ነው።"

"ሰም ደግሞ ምን ይሸታል!" ብሎ ሳቀብኝ።

እሱ ምን ያውቃል። ሰምና ክር አንድ ላይ ከሸተቱኝ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ ጊንጪ አዳዳ አያንቱ ጓሮ ቆሜያለሁ፣ እናቴ ደግሞ ሆስፒታል ተኝታለች።

አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። አዳዳ አያንቱ የአባቴ ታላቅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ በየአገሩ የተበተኑባት ሴት ነበረች። ቁመቷ ረጅም፣ ትዕግሥቷ አጭር ነው። አምቦ ለበዓል ስትመጣ እሷን ሳይ አልጋ ሥር እገባ ነበር። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ላይ ግን ደብተሬና ልብሴ በአንድ ከረጢት ታስሮ እሷው ቤት ተላክሁ።

ምክንያቱ የእማዬ እርግዝና ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩላትም። በሦስተኛው ሐኪሞቹ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዟት፤ አባባ ደግሞ ከሥራው ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ሥራው ሲል እኔን የሚያይ ሰው ጠፋ። ከመሄዴ በፊት እማዬ የምትሠራውን የሕፃን ኮፍያ ለራሷ አስቀርታ ሰማያዊውን የዳንቴል ክር ድቡልቡል እጄ ላይ አደረገችልኝ።

"ይኼ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ሆስፒታል ዕቃ ይጠፋል። ስመለስ እጨርሰዋለሁ" አለችኝ።

ያን ክር ትራሴ ሥር ነበር የማሳድረው። ክሩ እኔ ጋ እስካለ ድረስ እማዬ መመለሷ የማይቀር መሰለኝ። ኮፍያ ጀምሮ የሚተው ሰው የለማ!

አባባ ከሥራ ሲወጣ ይደውላል። አዳዳ ጆሮዋ ትንሽ ስለሚያስቸግራት ስልኩን ድምፁን ከፍታ ነው የምታወራው፤ ስለዚህ ጊንጪ ውስጥ የእናቴን ሁኔታ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን አባባ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

"ልጁ ጋድም ነው የተኛው ይላሉ። እስከ መጨረሻው ሊዞር ይችላል። ካልዞረ በኦፕራሲዮን ነው፤ ሆዷን ቀደው ያወጡታል።"

"ያ ዋቃ! አምላኬ!" አለች አዳዳ። "ይዞራል። አንተ ብቻ ምግብ ብላ።"

ስልኩ ሲዘጋ ወደ ማድ ቤት ገብታ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። አዳዳ ጴንጤ ናት፤ መዝሙሯን በኦሮምኛ፣ አፏን ሳትከፍት በአፍንጫዋ ነው የምታዜመው። እኔ በሯ ላይ ቆሜ ተናደድኩባት። እናቴን ሊቀዷት ነው እየተባለ እንዴት ትዘፍናለች? ሆድ ሲቀደድ እኔ ያየሁት ለመስቀል የታረደው በግ ብቻ ነበር። በጉ ደግሞ አልተነሣም።

በዚያው ሳምንት ነው አዳዳ ቀፎውን የከፈተችው።

ቀፎው የሽግግር ቀፎ የሚባለው ነው። ባለፈው ዓመት ቀበሌው የሰፈሩን ሴቶች ስለ ንብ ሲያሠለጥን እሷም ገብታ ተምራ፣ ሠፈር ካለ አናጢ አሠርታ፣ ክረምት ሳይገባ ንብ አስገብታበት ነበር። ረጅም ሣጥን ነው፤ ክዳኑን ስታነሡት ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩ ጠባብ እንጨቶች አሉ። ንቦቹ በእያንዳንዱ እንጨት ላይ አንዳንድ የማር እንጀራ ቁልቁል አንጠልጥለው መሥራት አለባቸው። ያኔ አንዱን እንጨት ብድግ ሲያደርጉት እንጀራው አብሮ ይወጣል፤ ታይቶ ይመለሳል፤ ሌላውን አይነካም።

የአዳዳ ንቦች ግን እንደዚያ አልሠሩም። የመጀመሪያውን እንጨት ስታነሣው ጠጅ የተሞላ ገንቦ የጎተተች ያህል ከበዳት። ጎንበስ ብላ ስታይ አንዱ እንጀራ ከአንድ እንጨት ተነሥቶ አራት አምስቱን አቋርጦ ሄዷል። ትንሽ ስትስበው ከሥሩ ተቀደደና ማርና ነጭ እጭ ተንጠባጠበ። ንቦቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። አዳዳ እንጨቱን ቀስ አድርጋ መልሳ ክዳኑን ከደነች።

"ጋድም ነው የሠሩት" አለች።

የዕለቱ ፀሐይ፣ በአጥሩ ላይ የወጣው አደይ አበባ፣ የአዳዳ ጓንት ላይ የተሰካው ንብ፣ ሁሉም አሁን ድረስ ይታየኛል። እማዬ ሆድ ውስጥ ያለው ጋድም ነው፤ ቀፎ ውስጥ ያለውም ጋድም ነው። በዚያች ደቂቃ ሁለቱ በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሆኑ። ቀፎው ከተቃና ልጁ ይዞራል። ቀፎው ካልተቃና እማዬን ይቀዷታል። ማንም አልነገረኝም፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ስሜን የማውቀውን ያህል አወቅሁት።

"ካልተቃና ምን ይሆናል?" አልኳት።

"ጥቅምት ሲገፋ አበባው ይበዛል፤ ማሩ ይከብዳል። ያኔ አንዱን ስነካው ሁሉም ይናዳል። አውራዋ ከሥሩ ከተዳፈነች ንቡ ይበተናል፤ አለቀ።"

"አውራዋ ማን ናት?"

"እናታቸው ናታ!"

ከዚህ በኋላ እንቅልፍ ከየት ይምጣ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ አዳዳ በር ላይ ጠበቀችኝና ወደ አናጢው ሄድን። ኦቦ ተሬሳ ሱቁ መንገድ ዳር ነው፤ አልጋ፣ ቡፌ፣ የበር መቃን ይሠራል። ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው። አዳዳ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ከቦርሳዋ ሁለት እንጨት አወጣች። አንዱ በሥልጠናው ጊዜ ለናሙና የተሰጣት ነው፤ ሌላው ከቀፎዋ የመጣ የእሱ ሥራ። አንዱን ባንዱ ላይ አስተኛችው።

"እስቲ እየው ኦቦ ተሬሳ። ያንተ በግማሽ ጣት ይበልጣል።"

የኦቦ ተሬሳ ፊት በራ። "አየሽልኝ አዴ አያንቱ? እኔ ደግሞ ማንም አላስተዋለልኝም ብዬ ነበር! ያ ናሙና ተብሎ የሰጡሽ እኮ የንፉግ ሥራ ነው፤ ስስ ነገር። ለሌላ ሰው ቢሆን ልክ እንደዚያው አድርጌ እሰጥ ነበር። ላንቺ ግን እያንዳንዱን ሰፋ አድርጌ፣ ምርቃት ጨምሬ..."

"ምርቃት!" አለች አዳዳ። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ሰውዬ፣ ንብ ምርቃት ታውቃለች? እንጨቱ የአንድ እንጀራና የመተላለፊያ ልክ ነው። ሲሰፋባቸው መንገዱ ጠፋባቸው፤ እንደፈለጉ ሠሩት!"

ኦቦ ተሬሳ እንጨቱን አንሥቶ አገላብጦ አየው። ጤፍ ሲሰፈር፣ ሥጋ ሲመዘን፣ ጨርቅ ሲለካ ትንሽ ጨመር ያላደረገ ሰው እንዴት ሰው ይባላል? እሱ ደግ ሠርቶ ነበር። አሁን ደግነቱ ጥፋት ነው ሲባል በጣም ነው የከፋው።

"እሺ፣ አዲስ እሠራልሻለሁ። ምርቃት የሌለው" አለ በመጨረሻ፣ ቃሉ እንደ እሬት እየመረረው። "ከነገ ወዲያ።"

ከነገ ወዲያ አላለቀም። የሙሽራ ቡፌ ይዞ ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ የቡፌው መስታወት ተሰበረ። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ በር ላይ እቆማለሁ፤ ኦቦ ተሬሳም "ነገ፣ ኢንታላ ኮ፣ ነገ" ይለኛል። ልጄ ማለቱ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ማሳ ሁሉ በኑግና በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለ ዓመት ነው!" እያለ ይደነቃል። እኔ እያንዳንዱን አበባ ሳይ ማሩ ሲከብድ ይሰማኛል፤ ንቦቹ በጓሮው ላይ ሲመላለሱ "ተዉ፣ አታምጡ" እላቸዋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አባባ ይደውላል። አልዞረም። ዛሬም አልዞረም። አዳዳም ታዜማለች።

አንድ ቀን ኦቦ ተሬሳ "ነገ" ሲለኝ ወደ ቤት አልሄድኩም። የመጋዝ ዱቄቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያውም ድምፅ አውጥቼ።

"ምን ሆንሽ? ማን መታሽ?"

"እማዬ ልትሞት ነው።"

"ምን ሆና?"

"ንቦቹ ጋድም ስለሠሩ። እርስዎ ነገ ስለሚሉ።"

ኦቦ ተሬሳ ነገሩ እንዳልገባው ከፊቱ ይታወቅ ነበር። እንዳስረዳውም አልጠየቀኝም። የቡፌውን በር ከጠረጴዛው ላይ አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ መላጊያውን አነሣ፤ ናሙናውን ከፊቱ አደረገ። እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየላገ፣ እየለካ፣ "ምርቃት የለም፣ ምርቃት የለም" እያለ ለራሱ ያጉረመርማል። ሲጨርስ ሁሉንም አስሮ ትከሻው ላይ አደረገና እኔን አስከትሎ እስከ አዳዳ በር መጣ። የንቦቹን ድምፅ ሲሰማ ግን እስሩን አጥሩ ሥር አውርዶ "እኔ እስከዚህ ነኝ" ብሎ፣ ያን ሆድ ይዞ፣ በጣም ፈጥኖ ሄደ።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጀመርን። አዳዳ የሟች ባሏን የዝናብ ካፖርት ለበሰች፤ ባርኔጣዋ ላይ ጤና ጣቢያ የሰጣትን አጎበር ቆርጣ ጣለችበት። ለእኔም እንደዚያው አደረገችልኝና እጅጌዬ ላይ ካልሲ አጠለቀችልኝ። የእኔ ሥራ ማጨሻውን መያዝ ነው፤ ኩበት የሚጨስበት የተበሳሳ ጣሳ። ክዳኑን ከማንሣቷ በፊት የቀፎውን ጎን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና "ቤቶች!" አለች። ለቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አትስቅም።

"ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም" አለችኝ።

ቢላዋውን ስታነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ ያሰብኩት እንጨቶቹ ሲቀየሩ ንቦቹ ራሳቸው ያቃኑታል ብዬ ነበር። አዳዳ ግን እንጀራውን ከሥሩ ትቆርጣለች፤ በሁለት መዳፏ ይዛ ታወጣዋለች፤ የተጣመመውን ጫፍ ትከረክማለች፤ ከአዲሱ እንጨት መሐል ላይ አስጠግታ ታስራለች። ማር ያለበት ፍርፋሪ ሳፋ ውስጥ ይገባል። ለማሠሪያ ያዘጋጀችው ቃጫ ነበር። የመጀመሪያውን ስታስረው ቃጫው እንጀራውን እንደ ቅቤ ቆርጦት መሬት ወደቀ።

"ለስላሳ ክር! ሩጪ፣ ለስላሳ ክር አምጪ!"

ቤት ውስጥ ገባሁ። የልብስ መስፊያ ክር አለ፤ እሱ ከቃጫውም የቀጠነ ነው፤ ይቆርጠዋል። ሌላ ያለው ትራሴ ሥር ብቻ ነው። አልጋው አጠገብ ቆሜ ትራሱን ገለጥኩ። ክሩን ከሰጠሁ እማዬ የምትመለስበት ነገር አይኖርም። ካልሰጠሁ ቀፎው ይፈርሳል። ከውጭ አዳዳ "ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በሉ" እያለች ንቦቹን ስታባብል ይሰማኛል። ክሩን አንሥቼ ሮጥኩ።

አዳዳ ሰማያዊውን ድቡልቡል ስታይ የማን እንደሆነ አወቀች። ለአፍታ እጇ ቆመ። ከዚያ በቢላዋው በጠሰችውና ማሰር ጀመረች። ክሩ አልቆረጠም። ያዘ።

ንቦቹ ከፊታችን ያለውን አየር ሞሉት። አንዱ ካልሲውን አልፎ አንጓዬ ላይ ነደፈኝ፤ ጣሳውን ግን አልለቀቅሁም። አዳዳ እያዜመች ነበር፤ ከምንጊዜውም ይልቅ ጮክ ብላ።

"አዳዳ፣ ደስ ብሎሻል?" አልኳት። ንዴቴ አምልጦኝ ነው።

"ደስ?"

"ታዜሚያለሽ።"

"ስፈራ እኮ ነው የማዜመው!" አለችኝ፣ ቢላዋውን ሳታቆም። "ደስ ሲለኝ ዝም እላለሁ። ጭስ ጨምሪ።"

ጭስ ጨመርኩ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ መዝሙሩ ያልተሰማበት ምሽት አልነበረም። እኔ ደግሞ እስከዚያች ደቂቃ የምፈራው ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

ሲጨልም ክዳኑ ተከደነ። የቀፎው እግሮች የቆሙባቸው ጣሳዎች ውስጥ ጉንዳን እንዳይወጣ የተቃጠለ ዘይት ሞላችባቸው። "አውራዋን አላየኋትም" አለች ባርኔጣዋን እያወለቀች። "ቆርጫት ይሆናል። አላውቅም። ነገ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ይዘው ከገቡ አለች ማለት ነው፤ ልጅ ለሌለው ቤት ምግብ አያመላልሱም።" ከዚያ ማር የነካውን እጇን ዝቅ አድርጋ አየችውና "አንቺ ያንቺን ማርያም ጥሪ፣ እኔ ጌታዬን እጠራለሁ። እዚያ ላይ አይጣሉም" አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት እሷ ለቤተ ክርስቲያን ስትለባብስ እኔ ቀፎው ፊት ተንበርክኬ ነበር። ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ገቡ። ረፋድ ላይ አንዷ መጣች፤ የኋላ እግሯ ላይ ቢጫ ድቡልቡል አለ። ከኋላዋ ሌላ። "አዳዳ! ቢጫ!" ብዬ ጮኽኩ። ነጠላዋን እያጣፋች መጥታ ጎንበስ ብላ አየችና ምንም ሳትናገር ሄደች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ የቀፎው በር ላይ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ሁለት ንቦች የክር ቁራጭ በአፋቸው ይዘው እየጎተቱ ያወጣሉ።  ክሩን በጠሱት፤ እንጀራው ሊወድቅ ነው! አዳዳን ጎትቼ አመጣኋት።

"አይወድቅም" አለች። "ከእንጨቱ ጋር በራሳቸው ሰም አጣብቀውታል። ከዚህ በኋላ ክሩ ለእነሱ ቆሻሻ ነው፤ ይጥሉታል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጥሉትን እየለቀምኩ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አጠራቀምኩ። የሰም ሽታ የጠጣ፣ የታኘከ፣ አጫጭር ሰማያዊ ክር። ቀፎው ተቃንቷል። ስለዚህ ልጁ ዞሯል፤ አባባ እስኪደውል ነው እንጂ።

አባባ የደወለው እሑድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አዳዳ እንደ ልማዷ ድምፁን ከፈተችው።

"ተገላገለች! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!" አባባ እያለቀሰ ነበር። "በኦፕራሲዮን ነው፣ ጠዋት አስገቧት፣ አሁን ነቅታለች።"

"አልዞረችም?" አልኩ ስልኩ ላይ ተደፍቼ።

"አልዞረችም የኔ ልጅ። ቀደው ነው ያወጧት።"

ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "አቃንተነው ነበር እኮ!" አልኩ። "አዳዳ፣ አቃንተነው ነበር! ለምን ቀደዷት?" እናቴ ደህና ናት ያሉትን አላመንኩም። ደህና ከሆነች ለምን ቢላዋ ያዙባት? ከመስቀል ጀምሮ ውስጤ ያሠርኩት ሁሉ በአፌ ወጣ፤ ጋድሙ፣ በጉ፣ ኦቦ ተሬሳ፣ ክሩ።

አዳዳ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ያን ጊዜ ነው ስንት ቀን ሙሉ ምን ተሸክሜ እንደኖርኩ የገባት። እጄን ይዛ ጓሮ ወሰደችኝና ቀፎው ፊት አቆመችኝ።

"እኛስ በምን አቃናነው?" አለችኝ። "ለምነናቸው ዞሩልን? በቢላዋ አይደል እንዴ? ቆረጥን፣ አሰርን። አንቺው ነሽ ክሩን ያመጣሽው። አሁን እያቸው።"

አየሁ። እግራቸው ላይ ቢጫ ይዘው ይገባሉ፤ ባዶውን ይወጣሉ። እዚያው ለረጅም ጊዜ ቆምን። አዳዳ አላዘመችም። ዝም አለች።

እማዬ ለአራስነቷ ጊንጪ መጣች። ከባጃጁ ስትወርድ በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋ፣ እንደ አሮጊት ጎብጣ ነበር፤ ሕፃኗን አባባ ይዟታል። አልጋው ላይ ስትጋደም አጠገቧ ቆሜ ሳልነካት አየኋት።

"አሳዪኝ" አልኳት።

አዳዳን አየቻት፤ አዳዳ "አሳያት" አለች። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ ፋሻውን ገለጥ አደረገችው። ከሆዷ ሥር ከዳር እስከ ዳር የተሰፋ ቀይ መስመር ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥቁር ክር ብቅ ብሏል።

"ክሩን ማን ያወጣዋል?"

"ሲይዝ በራሱ ይወጣል አሉኝ።"

እንደዚያ ከሆነ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሄጄ የክብሪት ቀፎዬን አመጣሁና እጇ ላይ ገለበጥኩላት። ለማን እንደሰጠሁት፣ ማን እንዳኘከው፣ ማን እንደጣለው ነገርኳት። ቁርጥራጩን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ከትራሷ ሥር ኮፍያውን አወጣችና "የተረፈውን አምጪ" አለችኝ።

የተረፈው ጥቂት ነበር። በዚያው ሳምንት ጨረሰችው፤ ግን ክሩ ስላልበቃ አንዱ ጎን አጠረ፤ እህቴ ባደረገችው ቁጥር ወደ ቀኝ ይዘምና አንዱ ጆሮዋ ውጭ ይቀራል። አዳዳ ልክ እንደሌለው አየች፣ ኦቦ ተሬሳ ሊጠይቅ መጥቶ አየ፣ አባባም አየ። ማንም ላቃናው አላለም።